ብርቱካኑና የጎሚስታው እጅ

አንድ ሰው ነበር። ሥራው ጎማ መጠገን ነው፤ እናንተ ጎሚስታ የምትሉት።

ሠላሳ ዓመት በአንድ መንገድ ዳር፣ ከቤቱ ደጅ ባለ አንድ የኒም ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጦ የሰው ጎማ ፈትቷል፣ ለጥፏል፣ ነፍቷል። ከተማዋ ሞቃት ናት። ከቀትር በኋላ አስፋልቱ ይለሰልሳል፣ ጎማ ይፈነዳል፣ መኪና ይቆማል፣ ሰውዬውም ከዱካው ይነሣል። ሥራ አጥቶ አያውቅም። ሥራውም አሳፍሮት አያውቅም። ያሳፈረው ሌላ ነገር ነው።

እጁ።

ያን እጅ ብታዩት! የጎማው ጥላሸት፣ ቅባቱ፣ ማስቲሹ በጣቶቹ ስንጥቅ ውስጥ ገብቶ ከቆዳው ጋር አብሮ አርጅቷል። በዱቄት ሳሙና አጠበው። በአሸዋ ፈተገው። በናፍጣ አሸው። አልለቀቀም። ሰው ሰላም ሊለው እጁን ሲዘረጋለት እሱ መዳፉን ይደብቅና የእጁን አንጓ ይሰጣል። ሥራ ላይ ያለ ሰው እንደዚያ ያደርጋል፣ እናንተም ታደርጋላችሁ። እሱ ግን እሑድም አንጓውን ነው የሚሰጠው። ታጥቦ፣ ነጭ ሸሚዝ ለብሶ፣ አንጓውን።

ስሙ አጥናፉ ነው። ሚስቱ ስንዱ ትባላለች። ልጅ አልነበራቸውም፤ ቤቱ ውስጥ ሁለቱ ብቻ ናቸው።

ማዕድ ሲቀርብ ስንዱ ታጎርሰዋለች። በየቀኑ፣ መጀመሪያ እሱን፣ ከዚያ ራሷን። እሱስ? በሠርጋቸው ቀን ሰው ሁሉ እያጨበጨበ አንዴ አጉርሷታል። ያን ጊዜ ጎሚስታ አልነበረም። ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን አላጎረሳትም።

«አንተ ሰውዬ፣ የኔ ተራ መቼ ነው?» ትለው ነበር።

«በዚህ እጄ?»

«እጅህ ምን ሆነ?»

«ጎማ ጎማ ይልሻል።»

«ይበለኝ!»

ይሣቃሉ። ያልፋል። እንዲህ እየተባለ፣ እንዲህ እየተሣቀ፣ ስንት ምሳና ስንት እራት አለፈ? ቁጠሩት እስቲ። የሠላሳ ዓመት ማዕድ ቁጠሩ።

ከዕለታት አንድ ቀን ስንዱ ታመመች። ሆዷን ነው። ሆስፒታል ከረመች። በመጨረሻ ሐኪሙ አጥናፉን ወደ ኮሪደር ጠራውና ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ወደ ቤት ይውሰዷት፣ ያሰኛትን ይስጧት» አለው።

ያሰኛትን ይስጧት። ይህን ቃል ከእናንተ መሐል የሰማ አለ? የሰማ ያውቀዋል። የመድኃኒቱ ዝርዝር ሲያልቅ የሚጻፍ ማዘዣ ነው።

ግን ምንም አላሰኛትም። አጥሚት ሠሩላት፣ ፊቷን አዞረች። ሾርባ አመጡላት፣ ሸተታት። ውኃ እንኳ ከጉሮሮዋ አልፎ ተመለሰ። አጥናፉ ሥራውን ትቶ አልጋዋ አጠገብ ተቀመጠ። መፍታት የሚችለው ብሎን የለም፣ መለጠፍ የሚችለው ቀዳዳ የለም። ሁለት እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ይመለከታታል።

አንድ ቀን ጠዋት ዓይኗን ገለጠችና «ብርቱካን አማረኝ» አለች።

ዘሎ ተነሣ። «ብርቱካን?»

«ጭማቂውን። ቀዝቀዝ ያለ። ካንተ እጅ።»

ወገኖቼ፣ ሦስት ነገር ነው የተናገረችው። ብርቱካን አለች፣ ሰማ። ቀዝቀዝ ያለ አለች፣ ሰማ። ካንተ እጅ አለች።

እሱን አልሰማም።

ወጥቶ ሮጠ። ወዴት? የዕቃ መደብር። የጁስ መፍጫ ገዛ። ትልቅ፣ የሚያብረቀርቅ፣ ሦስት ቁልፍ ያለው። ለምን ገዛው? ለማንም ያልነገረውን በኋላ ለእኔ ነገረኝ፦ «ማሽን ንጹሕ ነው ብዬ» አለኝ።

ካርቶኑን አቅፎ ሲመለስ ጎረቤቱ ሙሉሰው አየውና «አጥናፉ! ጎማውን ትተህ ጁስ ቤት ልትከፍት ነው እንዴ?» ብሎ ጮኸበት። አጥናፉ ሳይቆም አለፈ። ከመንገዱ ማዶ ወዳለችው ጁስ ቤት ገባ። ባለቤቷ ዘይነባ ትባላለች፤ ወጣት ናት፣ ምላሷ ፈጣን ነው።

«ዘይነባ፣ አስተምሪኝ።»

«ምኑን ጋሼ?»

«ጁስ።»

ሣቀች። «ጋሼ፣ የሚነፋ መሰለዎት?»

ካርቶኑን ባንኮኒዋ ላይ አስቀመጠው። ፊቱን ስታየው ሣቋ ቆመ። «ለማን ነው?»

«ለስንዱ።»

እጇን በሽርጧ ጠረገች። «እሺ ይስሙኝ። ብርቱካን ሲመርጡ በመልኩ አይታለሉ፤ ያንሡት፣ ሲያነሡት የሚከብደው ነው ውኃ ያለው። የሚጣል ልጣጭ ነው ብለው ሳያጥቡት እንዳይቆርጡ፤ ቢላው እድፉን ይዞት ወደ ውስጥ ይገባል። ከዚያ ጠረጴዛ ላይ ጫን ጫን እያደረጉ ያንከባልሉት። ከዚያ ይላጡት። ነጩን ሽፋን እንዳይተዉ፣ ይመራል። ፍሬውን አንድ በአንድ ይልቀሙ፣ እሱ ከተፈጨ የባሰ ይመራል። ፈጭተው በወንፊት ያጥልሉት። ስኳር ቶሎ አይጨምሩ፣ መጀመሪያ ይቅመሱት። ደግሞ ወዲያው ትጠጣው። ጁስ አይጠብቅም ጋሼ። ቆይ ካሉት መልኩም ጣዕሙም ይሄዳል።»

ሁሉንም በቃሉ ያዘ። ብርቱካን ገዝቶ፣ እንደ ተማሪ እየደገመ ቤቱ ገባ።

ዘይነባ ያልነገረችው አንድ ነገር ነበር፦ ክዳኑን ይግጠሙ አላለችውም። ይህን ማን ይነግራል? ሁሉ ያውቀዋል። እሱ አላወቀም። ቁልፉን ሲጫን ብርቱካኑ ተነሥቶ ጣሪያ ላይ ተለጠፈ። ግድግዳው፣ ሸሚዙ፣ ቅንድቡ ሁሉ ብርቱካን ሆነ። ደንግጦ ወደ መኝታ ቤት ብቅ ሲል ስንዱ አየችው።

ሣቀች።

ስንት ሳምንት ያልሣቀች ሴት ሆዷን ይዛ ሣቀች። «ጎማው ፈነዳ?» አለችው።

ያ የመጨረሻ ሣቋ ነበር። እሱ ግን አላወቀም። ማናችን እናውቃለን? የመጨረሻው ሣቅ የመጨረሻ ነኝ ብሎ አይመጣም።

በማግሥቱ ክዳኑን ገጠመ። ነጩን ሽፋን አነሣ። ፍሬውን መልቀም ረሳ። ብርጭቆውን በሁለት እጁ ይዞ አመጣላት፤ መዳፉ ብርጭቆውን እንዳይነካው በፎጣ ጠቅልሎ ነው የያዘው። አንድ ጊዜ ተጎነጨች። ፊቷ ተጨማደደ፣ ልታስተካክለው ሞከረች፣ አልቻለችም።

«ይመራል?» አላት።

«ትንሽ።»

«ነገ አስተካክለዋለሁ።»

«እሺ» አለች። «ነገ።»

ሦስተኛው ቀን መጣ።

ያን ቀን ጎህ ሲቀድ ተነሣ። ገበያ ሄዶ ብርቱካን አንድ በአንድ እያነሣ ከባድ ከባዱን መረጠ፤ አንድ ቅርጫት ሞላ። አጠበው። አንከባለለው። እጁን ሦስት ጊዜ ታጠበ፣ አሁንም አላመነውም። ስለዚህ ብርቱካኑን በሹካ ወግቶ ይዞ በቢላ ላጠው። ፍሬውን በሹካው ጫፍ እየለቀመ አወጣ። አንዲት ፍሬ አልቀረችም። ቀትር ደረሰ። ቤቱ በሙቀት ነደደ። ከመኝታ ቤት ደካማ ድምፅ መጣ።

«ደረሰ?»

«ደረሰ ስንድዬ! አሁን!»

መፍጫው ውስጥ ጨመረ። ክዳኑን ገጠመ። ቁልፉን ተጫነ።

ዝም።

ደግሞ ተጫነ። ዝም። የፍሪጁ ድምፅ የለም። የጎረቤት ሬዲዮ የለም።

መብራት ጠፍቷል።

እንግዲህ ይህን ነገር እናንተ ታውቁታላችሁ። መብራት ሲጠፋ መጀመሪያ ምን እናደርጋለን? ወደ ደጅ ወጥተን እንጠይቃለን። እሱም ወጣ።

«ሙሉሰው! የኛ ብቻ ነው ወይስ የሰፈሩ ነው?»

«የሰፈሩ ነው። ትራንስፎርመሩ ነው አሉ።»

«መቼ ይመጣል?»

«እሱን ፈጣሪ ይወቀው!»

ወደ ዘይነባ ተመለከተ። የጁስ ቤቷ በራፍ ላይ ቆማ በካርቶን ቁራጭ ራሷን ታራግባለች። እሷም ጋ የለም።

ተመለሰ። መፍጫው አጠገብ ቆመ። ንጹሑ ብርቱካን በመፍጫው ብርጭቆ ውስጥ ተቀምጧል።

«ደረሰ?»

«መብራት ጠፋ ስንዱ። ትንሽ ታገሺኝ፣ ይመጣል።»

ቆየ። ደጅ ወጣ። ሰዎች ተሰብስበው ስለ ትራንስፎርመሩ ይከራከራሉ። አንዱ ተቃጥሏል ይላል፣ አንዱ ሊቀይሩት ነው ይላል። አጥናፉም ከእነሱ ጋር ቆመ። ወደ ምሰሶው አንጋጠጠ። ምሰሶ በማየት መብራት ይመጣል? አይመጣም። ግን ቆመን እናያለን። ምንም ሳናደርግ የምናደርግ ይመስለናል።

አሁን የምነግራችሁን ልብ በሉልኝ።

እዚያ ቆሞ ሳለ አንድ ሐሳብ መጣበት። እንደ ነፋስ ሽው አለበት። ቅርጫቱ ውስጥ ያልተላጠ ብርቱካን ሞልቷል። አንዱን ቆርጬ በእጄ ብጨምቅስ? አለ በልቡ። ጎማን ከብረት ቸርኬ ፈልቅቆ የሚያወጣ ክንድ ብርቱካን ያቅተዋል?

መዳፉን ገልብጦ አየው። ስንጥቁን አየ። ጥቁሩን አየ።

«በዚህ እጄ?» አለ።

ሐሳቡ አለፈ። መብራቱን መጠበቅ ጀመረ።

ወደ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ገባ። ከንፈሯ ደርቆ ተሰንጥቋል። ዓይኗ ተከድኗል።

«ደረሰ?» አለች። ድምፅ አልነበረም፣ የከንፈር እንቅስቃሴ ነበር።

«አሁን ይመጣል። አሁን።»

እጁን ልትይዘው ጣቷን አነሣች። እሱ ምን ሰጣት መሰላችሁ?

አንጓውን።

ከዚያ እንደገና ወጣ። ፀሐይ ወደ ምዕራብ አዘነበለች። የኒሙ ጥላ እየረዘመ ሄዶ አጥሩ ጋ ደረሰ። አሥራ አንድ ሰዓት ሲያልፍ ሰፈሩ በአንድ ጊዜ ጮኸ፤ ልጆቹ ከየጊቢው «መጣ! መጣ!» አሉ። ሬዲዮው ካቆመበት ቀጠለ። ከአጥናፉ ቤት ውስጥም ታላቅ ጩኸት ተሰማ።

መፍጫው ነው። ቁልፉን ሳያጠፋው ነበር የወጣው። ሰው ሳይነካው ብቻውን ወጥ ቤት ቆሞ ይፈጫል።

ሮጠ። እየሣቀ ሮጠ። አጠለለው፣ ቀመሰው፣ ማር ነው። አልመረረም! በመጨረሻ አልመረረም! ብርጭቆ ሞላ፣ አረፋው አፋፉ ላይ ቆመ፣ በፎጣ ጠቅልሎ ያዘው፣ በሩን በክርኑ ገፋው።

«ስንዱ፣ መጣልሽ!»

ስንዱ አልነበረችም።

ወገኖቼ፣ ዝም ብዬ ባልፈው ደስ ይለኝ ነበር። መጨረሻውን አስተካክዬ፣ ተነሥታ ጠጣች ብዬ ብነግራችሁ እናንተም ደስ ብሏችሁ ትሄዱ ነበር። ግን አልጠጣችም።

አሁን አንዳንዶቻችሁ በልባችሁ ብርቱካን ያድናታል እንዴ ትላላችሁ። አያድናትም። ሐኪሙም ያውቃል፣ እሱም ያውቃል፣ እሷም ታውቅ ነበር። በዚያ ቀን ወይም በማግሥቱ መሞቷ አይቀርም። የተጠየቀው ነፍሷን ማትረፍ አልነበረም። ከሰው አቅም በላይ የሆነ ነገር ማንም አልጠየቀውም። የተጠየቀው አንድ ጉንጭ ነበር።

ታሞ መሞት አለ። የሰው ሁሉ ነው። እሷ ግን ብርቱካን በሞላበት ቤት ውስጥ ጠምቷት ሞተች።

ከቀብሩ በሦስተኛው ቀን ዘይነባ ለቅሶ ልትደርስ መጣች። አጥናፉ ሬሳው ከወጣ ወዲህ እህል ውኃ አልቀመሰም። እሷ ወጥ ቤት ገብታ ቅርጫቱን አየች። አንድ ብርቱካን አነሣች፣ ሁለት ቦታ ከፈለችው፣ ብርጭቆ አቅርባ በመዳፏ ጨመቀችው። ግማሹን። ከዚያ ሌላውን ግማሽ። ከዚያ ሌላ ብርቱካን። ብርጭቆው ሞላ። ስንት ጊዜ ፈጀ? እኔ ይህችን ለእናንተ የነገርኩባትን ጊዜ እንኳ አልፈጀም።

አመጣችለት። «ይጠጡ ጋሼ። ጉልበት የለዎትም።»

ብርጭቆውን ተመለከተ። «በእጅሽ ነው የጨመቅሽው?»

«አዎ። ብርቱካን እኮ ነው፣ ማንጎ አይደለም። መፍጫ ይዘው ስለመጡ በመፍጫ አስተማርኩዎት እንጂ…» ድንገት ቆመች። የዚያ ቀን መብራት ትዝ አላት። «ጋሼ፣ ያን ቀን በእጅዎ አላደረጉትም?»

«አስቤው ነበር።»

«ታዲያ?»

ሁለት መዳፉን ገልጦ አሳያት። በሠላሳ ዓመት ውስጥ ለሰው ገልጦ ሲያሳይ የመጀመሪያው ነበር።

ዘይነባ መዳፎቹን አየች። አጠገቡ ቁጭ አለች። ልታስከፋው አልፈለገችም፣ የመጣላትን ነው የተናገረችው።

«ጋሼ» አለች፣ «ብርቱካኑ እኮ ልጣጭ አለው። እጅዎ የሚነካው ልጣጩን ነው።»

ይህንም አልነገረችውም ነበር። ሁሉ የሚያውቀውን ማን ይነግራል?

እኔ ከጎኑ ተቀምጬ ነበር። ሰባኪ ነኝ፣ ለሐዘንተኛ የሚባለውን ቃል አውቀዋለሁ ብዬ የምኖር ሰው ነኝ። አፌን ከፈትኩ። ምንም አልወጣም። ዛሬም ለዚያ ሰው የሚሆን ቃል የለኝም። እግዚአብሔር ያለው እንደሆነ እሱ ይንገረው። እኔ የለኝም።

ጎማ መጠገን ቀጥሏል። በዚያ መንገድ ካለፋችሁ ከኒሙ ሥር ታገኙታላችሁ። ሰላም ስትሉት አንጓውን ይሰጣችኋል። እባካችሁ፣ መዳፉን ያዙት።

ለእሱ ቃል አጣሁ። ለእናንተ ግን አለኝ፣ ምክንያቱም የእናንተ ቤት ገና አልጨለመም።

እናንተስ ምን እየጠበቃችሁ ነው?

አንዱ እናቱ ደውላ ድምፅህ ናፈቀኝ ብላዋለች። መቼ ነው የሚሄደው? ሲሳካለት። ባዶ እጄን ምን ፊት ይዤ ይላል። እናቱ ያለችው ግን ድምፅህ ነው። አንዷ ከእኅቷ ተቀያይማለች። መቼ ነው የምትታረቀው? የምትናገረው ቃል ሲያምርላት። አንዱ ደግሞ ጸሎት ከተወ ዓመታት ሆኖታል። ለምን? መጀመሪያ ልንጻ ይላል። መጀመሪያ መጠጡን ልተው፣ መጀመሪያ ሕይወቴን ላስተካክል፣ ከዚያ በፊቱ እቆማለሁ ይላል። በዚህ እጄ? ይላል።

አዎ፣ በዚያው እጅህ! ሌላ እጅ ከየት ታመጣለህ?

የሚወዷችሁ የእናንተን እድፍ ከእናንተ ይልቅ ያውቁታል። ስንዱ የአጥናፉን እጅ ሠላሳ ዓመት አይታዋለች። ሸሚዙን ያጠበችው እሷ ናት፤ ጥቁሩን ከአንገትጌው ላይ ያሸችው እሷ ናት። አይታው፣ አውቃው ነው ካንተ እጅ ያለችው። ንጹሑን ማሽን አልለመነችም። ማሽኑ የእሱ ሐሳብ ነበር። የእሱ ኀፍረት ነበር። ኀፍረቱን ትሕትና መስሎት ነበር ወገኖቼ፤ በእሱ ትሕትና ግን እሷ ተጠማች።

እኛ ራሳችንን ዝቅ ያደረግን ሲመስለን የሚጠማው ማን ነው?

አሁን ከዚህ ትወጣላችሁ። በየደጃችሁ ትገባላችሁ። ከውስጥ ክፍል አንድ ድምፅ ይጠራችኋል፤ ያረጀ አባት ይሆናል፣ የታመመች ሚስት ትሆናለች፣ ችላ ያላችሁት ልጅ ይሆናል። በድካም፣ ተስፋ ባለመቁረጥ፣ ለሦስተኛ ጊዜ «ደረሰ?» ይላችኋል።

ወደ ምሰሶው አትመልከቱ። ብርቱካኑ ቅርጫት ውስጥ ነው። ቢላው ጠረጴዛው ላይ ነው። እጃችሁ ደግሞ፣ እዩት እስቲ፣ አሁን ገልብጣችሁ እዩት፣ እንደቆሸሸ ነው፣ እንደቆሸሸም ይኖራል።

ሦስተኛው «ደረሰ?» ነው። ለአጥናፉ አራተኛ አልነበረውም።